መርካቶ ያስቀረኝ የስፌት መኪና

ባለፈው ጥቅምት ሥራ አቆምኩ። ያስቆመኝ ዓይኔ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ማየት ካቃተኝ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ በጣቴ እየዳበስኩ፣ በድምፅ እየለየሁ ስገፋ ቆየሁ። በመጨረሻ ለአንዲት የቆየች ደንበኛዬ መኪናዋን ጠግኜ ስመልስላት መርፌውን ፊቱን አዙሬ አስገብቼዋለሁ። አየችው። አውጥታ አስተካክላ አስገባችውና አመስግናኝ ሄደች። ብትቆጣኝ ኖሮ ምናልባት አንድ ዓመት እጨምር ነበር። በሳምንቱ የሱቁን ቁልፍ ለባለቤቱ አስረከብኩ።

ስሜ ሳሊም ነው። የተወለድኩት የመን ውስጥ፣ ሁዴይዳ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። አንዋር መስጊድ ጀርባና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የልብስ ስፌት መኪና ስጠግን ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ይህን የምጽፈው ልጆቼ ስለጨቀጨቁኝ ነው። ፊደሉን ያረመችልኝ ሴት ልጄ ናት፤ ነገሩን ግን እንዳትነካው አስምያታለሁ።

መጀመሪያ የመጣሁት የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ አጎቴ ዘንድ ነው። አጎቴ ከአንዋር ጀርባ ቅመማ ቅመምና ሳሙና የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። እናቴ ስትልከኝ ሁለት ዓመት ሠርተህ ትመለሳለህ ብላኝ ነበር፤ እኔም አምኛት ነበር። ከአውሮፕላን ስወርድ ሐምሌ ነው፤ ቀጭን ሸሚዝ ለብሼአለሁ፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ይህ አገር ለሰው አይሆንም ብዬ ፈረድኩ። ሁዴይዳ ውስጥ ሰው የሚሸሸው ሙቀትን ነው። እዚህ ሰው ሐምሌ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ከሱቁ ወጥቶ ይሞቃታል።

አማርኛን የተማርኩት ከደንበኞቻችን ነው፤ ደንበኞቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ ዓለም ሁሉ «አንቺ» ይመስለኝ ነበር። ተሸካሚውን ሰውዬ «ነይ፣ ይሄን ተሸከሚ» እለዋለሁ። እሱም ከወገቡ ጎንበስ ብሎ «እሺ እመቤቴ» እያለ ጆንያውን ያነሳል። ሰፈሩ ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ፤ ለምን እንደሚስቁ የገባኝ ከስድስት ወር በኋላ ነው።

በሁለተኛው ዓመት አጎቴ ታመመና ሱቁን ለሌላ ዘመድ አስተላልፎ አገሩ ገባ። አዲሱ ባለሱቅ የራሱ ሠራተኞች ነበሩት። እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ልሄድ ስል ነው ጋሼ ደግፌ ያገኙኝ።

ጋሼ ደግፌ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው መርካቶ ያደጉ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የስፌት መኪና የሚጠግኑ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። የመኪና ዘይት ማጠቢያ ሳሙና ከእኛ ሱቅ ይገዙ ነበር። አንድ ቀን ሲመጡ የሱቁን ሚዛን ፈትቼ ስገጥም ደረሱ። ብዙ ጊዜ ቆመው አዩኝ። ከዚያ፣ ብሎኖቹን በፈታኋቸው ተራ ለምን እንደደረደርኳቸው ጠየቁኝ። ካልደረደርኳቸው የት እንደሚገቡ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። «ብሎን የማይበትን ሰው ስፈልግ ነበር፤ ነገ ና» አሉኝ። የቅጥር ውላችን ይኸው ነው። ደሞዝ የተነጋገርነው ወር ከሠራሁ በኋላ ነው፤ ከጠበቅኩት ትንሽ ይበልጥ ነበር።

የሳቸው አሠራር እስከ መጨረሻው ቀን ከእጄ አልወጣም፤ አንድ ቀን ብቻ ትቼዋለሁ፤ እሱን እነግራችኋለሁ። መኪና ይዞ የመጣ ሰው ተበላሸብኝ ሲላቸው ካቻቢቴ አያነሱም። ባለቤቱን አስቀምጠው «እስቲ ስፋ» ይሉታል። የሚያዩት መኪናውን አይደለም፤ የሰውየውን እግርና ትከሻ ነው። አንዳንዱ ወንበሩ ዝቅ ስላለ ጨርቁን ወደ ራሱ እየሳበ መርፌ ይሰብራል። እንዲህ ያለውን ወንበርህን አስተካክል ብለው ያለ ክፍያ ይሸኙታል። እኔ ይቆጨኝ ነበር፤ ያ ሰው ግን በሳምንቱ ሦስት ጎረቤቶቹን ይዞ ይመጣል።

ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ እጃቸውን መኪናው ራስ ላይ አድርገው፣ በሌላው መዘውሩን ቀስ እያሉ ያዞራሉ። የስፌት መኪና ሚስጥሩ አንዲት ቅጽበት ነች። መርፌው ወርዶ ትንሽ ቀና ሲል ክሩ በጎኑ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከታች የሚዞረው መንጠቆ ያቺን ቀለበት በዚያች ቅጽበት መያዝ አለበት። የፀጉር ያህል ከቀደመ ወይም ከዘገየ ስፌቱ ይዘላል። እኔ ያቺን ቅጽበት በዓይኔ ለማየት ስድስት ወር ፈጀብኝ። ጋሼ ደግፌ በመዳፋቸው ይሰሟት ነበር።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ደግሞ መኪናውን ዝም ብለው አያስረክቡም። ቁጭ ብለው በቁራጭ ጨርቅ አንድ ሙሉ ኪስ ይሰፋሉ፤ ማዕዘኑን፣ መታጠፊያውን፣ ድርቡን ሁሉ። ከዚያ ገልብጠው በስተ ውስጥ ያለውን ስፌት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይፍቁታል። «ከላይ የማያምር ስፌት አይቼ አላውቅም» ይሉኝ ነበር፤ «አንተ ገልብጠህ እይ።» ሱቃችን የማንም ሱሪ ባልሆነ ኪስ የተሞላ ነበር።

ረመዳን ሲገባ ሱቅ ውስጥ ሻይ አይጠጡም፤ ወጥተው ጠጥተው ይመጣሉ። እንዲያ አያስፈልግም ብላቸው አልሰሙኝም። እኔም በሳቸው ጾም ቀን ሥጋ ወደ ሱቅ አላስገባም ነበር። ስለዚህ ነገር ቁጭ ብለን ተነጋግረን አናውቅም።

ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራን። ወገባቸው ሲያማቸው ሱቁን ለእኔ ትተው ቤት ዋሉ። እኔም ሥራውን ይዤ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ታዲያ እናቴ በስልክ በደወለች ቁጥር «መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች፤ እኔም «በቅርቡ» እላታለሁ። በመጨረሻ ልጅ ታጭታልሃለች አለችኝ። ቲኬት ቆረጥኩ። ሱቁን የሚረከብ ሰው አገኘሁ። ያን ወር እግሬ መርካቶ ይሄዳል እንጂ ልቤ ባሕሩን ተሻግሮ ነበር።

ሁሴን የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ከወሎ የመጣ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን፣ አንዋር ጀርባ ካሉት ሰፊዎች ተርታ ሦስተኛው ላይ የሚቀመጥ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም ሊያስረክብ የተዋዋለ ሰው። በእግር በሚረገጠው መኪናው አልደርስም ብሎ ዲናሞ እንድገጥምለት አመጣልኝ። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነበር። ገጠምኩለት። የእግር መርገጫው ተረግጦ ሲለቀቅ ወደ ላይ የሚመልሰው ሞላ ያስፈልጋል፤ አዲስ አልነበረኝም፤ ከአሮጌ መኪና ፈትቼ አደረግኩበት። የመውጫ ቪዛ ማኅተም ለማስመታት ቢሮው ሳይዘጋ መድረስ ነበረብኝ። ሁለቴ ረገጥኩ፣ ሄደ፤ ሁለቴ ለቀቅኩ፣ ቆመ። ኪስ አልሰፋሁም። ሁሴንን «በርታ» ብዬው ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ከሰፊዎቹ አንዱ መጥቶ ና አለኝ። ስደርስ ሁሴንን ሐኪም ቤት ወስደውታል። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ አለ፤ ጨርቁ ላይ ደም። የሆነውን ጎረቤቱ ነገረኝ። ሁሴን እግሩን ከመርገጫው አንስቶ ከመርፌው ሥር የተጠላለፈ ክር ሊያወጣ ጣቱን ሰደደ። መርገጫው ግን ተቀርቅሮ ቀርቷል። መኪናው አልቆመም። መርፌው የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ሁለቴ በሳው፤ በሦስተኛው አጥንቱ ላይ ተሰበረ። ሶኬቱን የነቀለው ጎረቤቱ ነው።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ መርፌውን አውልቄ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁና መርገጫውን ሞከርኩት። ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፤ ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ። በዘጠነኛው ተቀረቀረ። አንድ ኪስ ለመስፋት ሃያ ጊዜ መርገጥና መልቀቅ ያስፈልጋል። ጋሼ ደግፌ ያንን ሁሉ ኪስ ለምን ይሰፉ እንደነበር ያን ዕለት፣ የሁሴን ወንበር ላይ ተቀምጬ ገባኝ።

ሐኪሙ ጣቱ አይቆረጥም፣ ግን መገጣጠሚያው አይታጠፍም አለ። ለሁለት ወር ሥራ የለም። ትምህርት ቤት ሊከፈት የቀረው ሁለት ወር ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለልጆቼም ነግሬአቸው አላውቅም። ለመሸሽ አስቤ ነበር። በረራዬ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። አንድ ሙሉ ቀን ቤቴን ከውስጥ ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ሰው ሲያንኳኳ እንኳ አልከፈትኩም። ሲያንኳኩ የነበሩት የሁሴን ወንድሞች መስለውኝ ነበር። ኋላ ስሰማ ጎረቤቴ ናት፤ ሳልበላ እንዳልቀር ምግብ ይዛ።

እሑድ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አራት ነበሩ፤ ሁለቱ በሁሴን በኩል፣ አንዱ ከሰፊዎቹ፣ አንዱ ደግሞ ጋሼ ደግፌ፤ ወገባቸውን በነጠላ አስረው በምርኩዝ መጥተዋል። ሁሴን እጁ እንደተጠቀለለ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ሞላው አሮጌ እንደነበር፣ ሳልሞክረው እንደሰጠሁት፣ ለምን እንደቸኮልኩ። ከሁሴን ወገን ያሉት ትልቁ ሰው ደግ ነበሩ። ይህ ልጅ የሰው አገር ሰው ነው አሉ፤ እናቱ እየጠበቀችው ነው፤ የሆነው የአላህ ውሳኔ ነው፤ ይቅር ብለነው አገሩ ይግባ አሉ። ሁሴንም አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

ጋሼ ደግፌ እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንግዳ ቢሆን እኔም እንደናንተ እል ነበር» አሉ። «እንግዳ ይቅር ይባላል። የቤት ልጅ ግን ያጠፋውን ሳያቀና ከቤት አይወጣም። ይሄ ልጅ ስምንት ዓመት ከኔ ጋር ከአንድ ሳህን በልቷል። እንደ እንግዳ ከማራችሁት የሰደባችሁት እኔን ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «የሁሴን ዩኒፎርም ተጀምሮ ቀርቷል። ትምህርት ቤት ሳይከፈት አንተ ትጨርሰዋለህ። ከዚያ አገርህ ግባ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።»

ሱሪ ሰፍቼ እንደማላውቅ፣ ከኪስ በቀር ምንም እንደማልችል ነገርኳቸው። «እንግዲያው ሁሴን ያስተምርሃል» አሉ፤ ተነሱ።

ቲኬቴ ተቃጠለ። ለእናቴ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ የሰውየውን ስምና የልጆቹን ቁጥር ጠየቀችኝ። ሦስት ልጅ እንዳለው ነገርኳት። ሳትጨርስ እንዳትመጣ አለችኝ።

ያን ክረምት የሁሴን ወንበር ላይ ተቀምጬ ከረምኩ። ሞላውን ቀየርኩት፤ በየቀኑ ሥራ ከመጀመሬ በፊትም ኪስ እሰፋለሁ። ሁሴን በስተግራዬ ተቀምጦ የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያያል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ስሳሳት በአገጩ ያሳየኛል፤ እፈታለሁ፤ እንደገና እሰፋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ብንነጋገርም አንሰማም ነበር። በአራተኛው ቀን ሁለት የግራ እግር አንድ ላይ ገጣጥሜ ሱሪ ብዬ አነሳሁለት። ግራ ቀኝ እያገላበጠ አየው። «ይሄን የለበሰ ልጅ» አለ፣ «ትምህርት ቤት ሳይሆን ክብ ነው የሚዞረው።» ከዚያ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁን ስሰማ አለቀስኩ፤ እንባዬ እንዳይታይ ክር ያነሳሁ መስዬ ከጠረጴዛው ሥር ጎነበስኩ። ሁሴን እንዳየኝ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ አንስቶብኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተከፈተ። ምሳ ከቤቱ ይመጣል፤ ሚስቱ ለሁለት ሰው ነው የምትልከው። ስለ ሁዴይዳ ይጠይቀኛል፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ጀልባው። ባሕር አይቶ አያውቅም። እኔ ስነግረው ዓሣው ከቀን ወደ ቀን እየገዘፈ ይሄድ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዩኒፎርሙ አለቀ። ትምህርት የተከፈተ ዕለት ጠዋት ሁሴን ና አለኝና መሳለሚያ ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። ሰማያዊ የለበሱ ሕፃናት በጭቃው ላይ እየዘለሉ ያልፋሉ። አንዲት ተማሪ፣ እግሩ የተጣመመ ሱሪ የለበሰ ትንሽ ልጅ እጅ ይዛ ስታልፍ ሁሴን በግራ እጁ ወደ ልጁ አመለከተኝ። «ያ ያንተ ነው» አለኝ።

ሁሴን ሥራውን በመሃል ጣቱ ተለማምዶ ቀጠለ። አመልካች ጣቱ ሳይታጠፍ ቀረ። ሰፈሩ «ሁሴን መንገድ ጠቋሚው» ይለዋል፤ ይስቃል። እኔ ግን ከዚያች ጣት ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ባየኋት ቁጥር አንድ ነገር ይነካኛል።

አዲስ ቲኬት አልቆረጥኩም። አልሄድም ብዬ ወስኜ አይደለም፤ ለዓመቱ እያልኩ ነው። የታጨችልኝ ልጅ ሌላ አገባች። እኔም በሁለተኛው ዓመት ከድጃን አገባሁ፤ ያን ዝግ ቤቴን እያንኳኳች ምግብ ይዛ የቆመችው ጎረቤቴ እሷ ናት። አንድ ጊዜ ሄጄ እናቴን አይቻታለሁ። ከዚያ በኋላ እሷም አረፈች።

ለጥቂት ዓመታት መርካቶን ትቼ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ሠርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ዲናሞ ያለው መኪና ለሰው መስጠት ፈርቼ ነው። ፋብሪካ ከሆነ ከኔ በኋላ የሚመረምር ሰው አለ። የምርት ኃላፊዋ ሰዓት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞር፣ ፈገግታ የማታውቅ ሴት ነበረች። መኪና ለቆመበት ደቂቃ ሁሉ ትጠይቃለች። ታዲያ የነካሁትን ሁሉ በወረቀት እንድጽፍ ያስለመደችኝ እሷ ናት፤ የትኛው መኪና፣ የትኛው ሞላ፣ ማን ሞከረው። መጀመሪያ ጠላኋት፤ ስለቅ ግን ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳት እሷን ነው። ጋሼ ደግፌ ያረፉት በዚያን ጊዜ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው አጽናንቶ ሲወጣ፣ ልጃቸው መስዬው ለእኔም እግዜር ያጽናህ ይለኝ ነበር። አሜን እያልኩ ተቀበልኩ።

ፋብሪካው ድረስ መጥቶ የመለሰኝ ሁሴን ነው። ሰፈሩ ውስጥ መኪና የሚያዳምጥ ሰው ጠፍቷል፤ ሁሉም ይፈታል እንጂ አይሰማም አለኝ። ተመለስኩ። ሱቅ ተከራየሁ፤ ጠገንኩ፤ ኪስ ሰፋሁ፤ ልጆቼን አስተማርኩ። በየጊዜው የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ተሰልፌያለሁ። እንዲህም ሆኖ «ስሄድ» ማለት አልተውኩም። ይሄን ቁም ሳጥን ስሄድ ለእገሌ እሰጠዋለሁ፤ ስሄድ ይሄን እናደርጋለን። አንድ ቀን ከድጃ ልብስ እያጠፈች፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይሄድ የሚሄድ ሰው አግብቼ» አለች። ስቃ ነው ያለችው፤ ግን ዓይኗ አልሳቀም።

ከዚያ አገሬ ላይ ጦርነት መጣ። ታላቅ እህቴ አሚና ባሏ ሞቶባት፣ ብዙ አገር ተንከራትታ አዲስ አበባ ገባች። ስቀበላት አላወቅኋትም። እሷም አላወቀችኝም። ሁለታችንም እናታችንን መስለናል።

አሚና ቤታችን ስትገባ ከድጃ አልጋዋን ለቀቀችላት። በመጀመሪያው ሳምንት ነው አረብኛዬን ልብ ያለችው፤ እንደ አባታችን ነው የምትናገረው አለችኝ፤ እንደዚህ የሚናገር ሰው ዛሬ ሁዴይዳ ውስጥ የለም አለችኝ። የሰፈራችንን ሱቆች ስጠይቃት አንዱም የለም። የማውቃቸውን ሰዎች ስጠራ፣ ሞተ፣ ሄደ፣ ሞተ ትለኛለች። እኔ ሳስባት የኖርኩት ከተማ እኔ የወጣሁ ዕለት የቀረች ከተማ ነበረች።

አንድ ዓርብ ወደ ገበያ ይዣት ወጣሁ። የጁምዓ ሶላት ሰው ከአንዋር አልፎ መንገዱን ሞልቶታል። ሐምሌ ነው፤ ሰጋጁ ሳይበተን ዝናቡ ወረደ። ሁሴን ሱቅ ውስጥ ተጠጋን። አሚና የከድጃን ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ይህ አገር ለሰው አይሆንም አለች፤ እኔ ስመጣ ያልኩትን ቃል በቃል። እኔም ላጽናናት ብዬ በአረብኛ፣ «ታገሺ፤ እኛ ጋ ሐምሌ እንዲህ ነው፤ ነሐሴ ይብሳል፤ መስከረም ሲጠባ ታያለሽ» አልኳት።

አየችኝ። «እኛ ጋ?» አለች። «እኛ ጋ የት ነው?»

በአረብኛ ያን ቃል ስንናገር ሁልጊዜ ሁዴይዳ ማለታችን ነበር። እናቴ፣ አጎቴ፣ እኔም። ለሠላሳ ዓመት እዚህ ሰው «እኛ ጋ ዓሣው እንዲህ ነው፣ እኛ ጋ ሠርጉ እንዲህ ነው» እያልኩ ሳወራ ኖሬአለሁ። መቼ እንደዞረ አላወቅሁም። ሁሴን አረብኛ ስለማያውቅ ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀ። አሚና ስለ ዝናቡ እያማረረች ነው ብዬ ዋሸሁት። እሷ ግን እጄን ያዘች። ያዘነች መስሎኝ ፊቷን ሳይ ፈገግ ብላለች። «ብቻህን ያለህ መስሎን እናታችን በየቀኑ ታለቅስልህ ነበር» አለችኝ።

አሚና ሦስት ዓመት አብራን ኖረች። አማርኛን የተማረችው ከጎረቤቶቻችን ነው፤ ከኔ በተሻለ። ካይሮ የሚኖረው ልጇ ሥራው ሲደላደል እናቴን ላክልኝ አለ። ሥራ ማቆሜን ሲሰማ ደግሞ እኔንና ከድጃንም ጠራን። ቤቱ ይበቃናል፤ ለዓይንህ ጥሩ ሐኪም አለ፤ ዘመዶቻችን ሁሉ ተሰብስበው እዚህ ናቸው፤ ከእንግዲህ ብቻህን አታርጅ አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ለከድጃ ነገርኳት። አንተ ካልክ እከተልሃለሁ አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔ አስብበታለሁ ብዬ ሳምንታት አለፉ። አሚናም አልወተወተችኝም። የመሄጃዋ ቀን ደረሰ።

ከድጃ ጉልበቷን ስለሚያማት ቤት ተሰነባበቱ። ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው አልላቀቅ ሲሉ የላዳው ሹፌር ጥሩንባ ነፋ። በመንገድ ላይ አሚና አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አብረን ብንሄድ ኖሮ» አለች። ቦሌ ደረስን፤ ሻንጣዋን በጋሪ እየገፋሁላት ወደ በሩ ተጠጋን። እዚያ የቆመው ጥበቃ ወረቀቷን አይቶ አሳለፋትና እጁን ለእኔ ዘረጋ።

«አባት፣ እርስዎ ተጓዥ ነዎት ወይስ ሸኚ?»

ቀላል ጥያቄ ነው፤ በቀን መቶ ሰው ይጠይቃል። እኔ ግን ቆምኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሻንጣውን አስጠጋብኝ። አሚና ዞር ብላ አየችኝ፤ አማርኛውን ሰምታለች፤ እሷም መልሱን ትጠብቃለች።

«ሸኚ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው እስከዚህ ነው» አለና ጋሪውን ተቀበለኝ።

አሚና ተመልሳ ግንባሬን ሳመችኝ። ለልጄ እኔ እነግረዋለሁ አለችኝ። ሻንጣዋን አስፈትሻ በመስታወቱ ማዶ እስክትሰወር ድረስ ቆሜ አየሁ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ታክሲ ያዝኩ፤ ሜክሲኮ ወርጄ ሌላ ያዝኩ፤ መርካቶ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ከድጃ ምሳ ሳትበላ ጠብቃኛለች። ሳህኑ ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ታጠብና ና» አለችኝ።

ታጥቤ መጥቼ ተቀመጥኩ።